በባሌ ቤት እንግዳ ሆኜ የከረምኩ ጊዜ

የልጅ ልጄ ሐያት ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አጠገቤ ቁጭ አለች። አስተማሪዋ ለተማሪዎቹ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል አድሏቸው ኖሯል፤ ትርጉሙንና የመጣበትን ጽፋችሁ አምጡ ብሎ። ለእሷ የደረሳት አክሴፕታንስ የሚሉት ነው። መቀበል፣ ተቀባይነት ማለት ነው አለችኝ።

«እማ ትልቋ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እኔን ነው እንግሊዝኛ የምትጠይቂኝ? ስልክሽ ምን ይላል?»

ስልኳን እየገፋች አነበበችልኝ። ቃሉ መጀመሪያ የጥንት የሮማ ሰዎች ነበር፤ ፈረንሳዮች ከእነሱ ወሰዱት፣ እንግሊዞች ደግሞ ከፈረንሳዮች። ሥሩ ወደ ራስ መውሰድ ማለት ነው። እሱም አንድ ጊዜ ወስዶ ማረፍ ሳይሆን እየደጋገሙ መውሰድ ነው ይላል።

«እሱ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነዋ» አልኳት። «ሌላስ?»

«ሌላማ ብዙ ነው። የሰጡሽን መውሰድ፣ ሰውን ወደ ማኅበር ማስገባት፣ በውል ላይ እሺ ማለት። ደግሞ የማይለወጥን ነገር ችሎ መኖርም ይባላል።»

«ሁሉም ስለሚቀበለው ሰው ነው የሚያወራው። እንግዶች ተቀበሉኝ፣ ከእነሱ ቆጠሩኝ ብሎ የሚጠብቀው ሰውዬ መቀበላቸውን በምን ያውቃል? እሱን አልጻፉም?»

ፈልጋ ፈልጋ፣ «እሱ የለም» አለች።

እንግዲያው እሱን እኔ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ሁሉም ሰው ይማር የተባለ ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከዋርካ ሥር፣ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ። ስለዚህ ከመዝገበ ቃላት ጋር ክርክር አልገጥምም። ይህን አንድ ነገር ግን ማንም አያስተምረኝም፤ አምስት ወር ተምሬዋለሁ፣ ፈተናውንም ወድቄ ነው ያለፍኩት።

ልጅነቴ ቡታጅራ ነው። አባቴ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ መኪና ከሚቆምበት ማዕዘን ላይ፣ አቡጀዲና ጥለት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። ዛሬ እዚያ ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ሞባይል ይሸጣል፣ ከላይ ምን እንዳለ አላውቅም። ያኔ ማዕዘኑ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ስሙኒ የያዘች ልጅ ጓደኛዋን ጋብዛ ትመለሳለች። ሬድዮኑ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፤ ዘፈን ሲመጣ ሸማቹም ሻጩም ዝም ይላል፤ አባቴ ብቻ ጨርቅ የሚለካበትን ሜትር ብረት ባንኮኒው ላይ ጠረቅ እያደረገ አልሰማም ይላል። እኔ የናይለን ሻሽ አለኝ፣ የቴትሮን ቀሚስ አለኝ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ ዘለበት ጫማ አለኝ። ከሁሉ በላይ ግን ፀጉሬን እተኮሳለሁ። ያኔ የፀጉር ቤት ብሎ ነገር የለም፤ አንዲት ሴት ጓሮዋ ውስጥ የብረት ማበጠሪያ ፍም ላይ አግላ፣ ቫዝሊን ቀባ አድርጋ፣ ጭስ እያስወጣች ታወርደዋለች። ጆሮዬን ስንቴ አቃጥላኛለች! ግን ስወጣ ፀጉሬ ትከሻዬ ላይ ይተኛል፣ እኔም ሰው የምረግጥ ይመስለኛል። ዛሬ በምኖርበት በወልቂጤ አሥር እርምጃ ሄደሽ ፀጉር ቤት ታገኛለሽ፤ ሐያት ገብታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትወጣ እኔ ፊቷን ካላየሁ አልለያትም። የዛሬ ልጆች ራሳቸውን ቀየሩ ሲባል የምስቀው ለዚህ ነው። እኛም ነበርን።

ከድርን ያገኘሁት በአባቴ ሱቅ ነው። የጉንችሬ ልጅ ነው፤ መርካቶ ይነግዳል፤ ጨርቅ በጭነት መኪና ያመጣልናል። ሱሪው ከታች ሰፊ፣ መሬት የሚጠርግ። አባቴ «ይኼ ልጅ የቡታጅራን አቧራ በነፃ ይጠርግልናል» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቀልዱን አልፎ ሽማግሌ ላከ፣ ኒካው ታሰረ፣ እኔም ሙሽራ ሆኜ ተነሳሁ። ከቡታጅራ ጉንችሬ እንደ ዛሬው አይደለም፤ ሰው አዲስ አበባ ዞሮ፣ በወልቂጤ ወርዶ፣ ከዚያ ያገኘውን ተሳፍሮ፣ የቀረውን በእግሩ ነው። ከመሄዴ በፊት ፀጉሬን አስተኮስኩ። መንገድ ሁሉ ሁለት ሻሽ ደርቤ አቧራ እንዳይነካው ስጠብቀው ደረስኩ።

አማቴ ሰፊያ ይባላሉ። ባላቸው ቀድሞ ሞቶባቸው ከድርንና እህቶቹን በእንሰት ያሳደጉ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፃቸው የማይጮኽ ሴት። ጀፎረ የሚሉት ያ ሰፊው የሣር መንገድ ላይ ሴቱ ሁሉ እልል እያለ ተቀበለን። ደጃፉ ጋ ስንደርስ ሰፊያ በእንሰት ቅጠል ላይ ለጋ ቅቤ ይዘው ቆመዋል። በእኛም አገር ለሙሽራ ቅቤ ይቀባል፤ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ግን ሻሼን ሲያወልቁ፣ ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ የተቃጠለ ጆሮ ትዝ አለኝ። እጄን አናቴ ላይ አደረግሁ።

«እትዬ፣ እኔን ይለፉኝ፤ ፀጉሬ ተተኩሷል።»

እልልታው በመሃል ተቆረጠ። ሰፊያ ግን አልተቆጡም፤ ፊታቸውም አልጠቆረም። ቅቤውን በቅጠሉ መልሰው ጠቀለሉት።

«እሺ የኔ እንግዳ» አሉኝ። «ግቢ። እንግዳ አይገደድም።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ምን ያለች ደግ አማት ሰጠኝ አልኩ። ሙሽራ መቼም ይቀለባል። ክትፎው በጣባ፣ በቀንድ ማንኪያ፤ አይቡ፣ ወተቱ፤ ከበርጩማው ሁሉ የተሻለው ለእኔ። ከድር አሥር ቀን ቆይቶ ወደ መርካቶው ተመለሰ፤ የኛ ሰው መቼም ሚስቱን እናቱ ዘንድ ትቶ ነው የሚነግደው። እኔም እየበላሁ ቆየሁ። አንድ ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ። ከእኔ አንድ ሳምንት ቀድማ የተዳረች ጎረቤታችን ያለች ሙሽራ እንሰት ጓሮ ገብታ ስትፍቅ፣ ከአማቷ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ እንጨት ተሸክማ ስትመለስ አያለሁ። እኔ አሁንም ክትፎ ላይ ነኝ።

አንድ ቀን መጥረጊያ አነሳሁ። ሰፊያ በሁለት እጃቸው፣ ልክ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው፣ ከእጄ ወሰዱት። «ኧረ ነውር ነው! እንግዳ ጠረገች ቢሉ ሰው ምን ይለናል?» በሌላ ቀን እንስራ አነሳሁ፤ የጎረቤታችን ዘይቱና ሮጣ መጣች። ዘይቱና ሆዷ ሰፊ፣ አፏ የማያርፍ፣ የሰፊያ የልብ ጓደኛ ናት። «እህቴ፣ ሰፊያን ልታሰድቢ ነው? ቁጭ በይ ብላ ያከበረችሽን!» ብላ እንስራውን ነጠቀችኝ። እነሱ እርስ በርሳቸው በቋንቋቸው ይሳሳቃሉ፤ የኛ የቡታጅራው የመስቃን ቋንቋና የእነሱ እናትና ልጅ ይምሰል እንጂ አይግባባም። እኔ ስገባ ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞራል። አማርኛው ሲመጣ ሳቁ ይቆማል። እንዴት አደርሽ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ጉልበትሽ በረታ ወይ። እንደ ወረዳ ባለሥልጣን! ሴቶቹ እንሰት ሲፍቁ ደግሞ ይዘፍናሉ፤ እንዲገባኝ ብለው ይቺን በአማርኛ ያወጧታል፦

ቡታጅራ ሄዶ አመጣ አበባ፣
እንሰት ሲፋቅ ግን እጇ የት ይገባ?

አበባ መባሉን ለመውደድ ሞከርኩ። አበባ ግን ቆጮ አይሆንም።

ሰው ከሰደበሽ መልስ ትሰጫለሽ። ሰው ከመታሽ ትጮሂያለሽ። ሰው ሳያቋርጥ ካከበረሽ ምን ታደርጊያለሽ? አገሩ ሁሉ ሰፊያን ያመሰግናል፤ ምራቷን እንደ እንቁላል ያዘቻት ይላል። ለማን ሄጄ ልክሰስ? ክትፎ አበሉኝ ብዬ? ያን ጊዜ እኔ የምጠብቀው እነሱ እስኪቀበሉኝ ነበር። ደጃፍ ላይ መጀመሪያ የሰጡኝን እኔ እንዳልተቀበልኩ፣ እሳቸውም በቃሌ እንደያዙኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የሐያት ስልክ እየደጋገሙ መውሰድ ነው ያለው ውሸት የለውም፤ እኔ የመጀመሪያውን ስላለፍኩት ሁለተኛው አልመጣም።

አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰፊያ ወተት ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ለአረፋ ያልመጣ የኛ አገር ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል፤ ከድርም እንደሚመጣ እናውቃለን። ወተቱን አቀበሉኝና እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብለው ተናገሩ።

«የኔ እንግዳ፣ ከድር ለአረፋ ይመጣል። በዓሉን አብረን እናሳልፍና ወስዶ ለአባትሽ ያስረክብሽ። እዚህ አልለመደልሽም። እንግዳ ሳይሰለች፣ በክብር መሸኘት ነው።»

ፍቺ አላሉም፤ ግን ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ከድር እናቱን እንደማይሽር አውቃለሁ። ወተቱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያባቴ ሱቅ ማዕዘን ላይ ነው፤ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ ሊያየኝ ነው። ይኼ ሁሉ ሆኖ ደግሞ እነግርሻለሁ፣ ያን ሱሪው መሬት የሚጠርግ ሰውዬ እወደው ነበር። ቤቱንም ለምጄ ነበር። የላሟን ማመስኳት፣ የእንሰቱን ጥላ፣ የዘይቱናን ጩኸት ሳይቀር። «እዚህ ለምጄያለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «እሺ እትዬ» የሚል ወጣ። የእንግዳ መልስ።

የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁሉም ጉንችሬ ገበያ ወረዱ። እኔ ቤት ጠባቂ እንኳ አልተባልኩም፤ ዕረፊ ተባልኩ። ብቻዬን ስቀር ተነሳሁ። አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ ሠርቼ ይዩልኝ፤ ከዚያ ቢሸኙኝም ይሸኙኝ አልኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንሰት ጓሮ ገባሁ። ባለፈው ቀን ሴቶቹ ሲፍቁና ሲጨምቁ የዋሉበት ቦታ ነው። ፍቅፋቂው ተበትኗል፣ ቅጠሉ ተጎዝጉዟል፣ መሃል ላይ በቅጠል የተለበጠ ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ ድፍርስ ውኃ ሞልቶ ዝንብ ይዞርበታል። ደስ አለኝ። ይኼን ማን ይጠላል? ለአረፋ ቤትን ማጽዳት ሱና ነው። በቅል እየቀዳሁ ውኃውን አንድ ጠብታ ሳይቀር ደፋሁት። ከሥሩ ነጭ ጭቃ ተጋግሮ አገኘሁ፤ እሱንም በእጄ እየዛቅኩ እንሰቱ ሥር ጣልኩት። ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ አጠብኩ። ፍቅፋቂውን ጠረግሁ። ከዚያ ወገቤን ይዤ ቆሜ፣ ሥራዬን አየሁትና ወደድኩት።

ቡላ ማወቁንስ አውቃለሁ። ቡላ ያልበላ የጉራጌ ልጅ የት አለ? የማውቀው ግን ቡታጅራ ገበያ ላይ በቅጠል ታስሮ፣ ነጭና ደረቅ ሆኖ ነው። እንሰቱ ሲጨመቅ ከሚወርደው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው እሱ እንደሆነ፣ አድሮ ረግቶ ውኃው ከላይ በቀስታ እንደሚጠለል ማን ነግሮኝ? ዛሬ ሐያት ከሱቅ በፕላስቲክ ታሽጎ ትገዛዋለች፤ እሷም እንደ እኔ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። ያ ነጭ ጭቃ የአረፋ ገንፎ ነበር። ከመርካቶ ለሚመጣው ለከድር፣ ለእህቶቹ፣ ለእንግዳው ሁሉ። ሦስት ትልልቅ እንሰት ተጥሎ፣ ሴቱ ቀኑን ሙሉ ታጥፎ የጨመቀው።

እነሰፊያ ሲመለሱ ጓሮው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። እጄን ወደ ውስጥ እያሳየሁ፣ «እትዬ፣ አጸዳሁልዎ» አልኩ።

ገቡ። ዘይቱና ቀድማ አየችው፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌሎቹ ሴቶች ቆሙ። እኔ የሠራሁትን ገና አላወቅሁም። ሰፊያ ጉድጓዱ አጠገብ ጎንበስ ብለው የታጠበውን ቅጠል ነኩት። ከዚያ እንሰቱ ሥር ያለውን ነጭ ነገር አዩት። ጣታቸውን አስነኩት። ቀና አሉ።

ዘይቱና በአማርኛ፣ ለእኔ እንዲሰማ ብላ፣ «ምንም አይደል በያት ሰፊያ። እንግዳ ናት፣ አታውቅም» አለች።

ያችን ትንፋሽ አልረሳትም። «ምንም አይደል የኔ እንግዳ» ቢሉኝ ነገሬ አበቃ። ከንፈራቸው ሲከፈት አየሁ። የወጣው ግን አማርኛ አልነበረም።

«አንቺ!» አሉ በቋንቋቸው። አምስት ወር ሙሉ ያን ድምፅ የት ደብቀውት ነበር? ጀፎረው ላይ ያለ ላም ሁሉ ቀና አለ። ቋንቋቸውን ግማሹን ሰምቼዋለሁ፣ ግማሹን ዘይቱና ኋላ ሞልታልኛለች፤ በአማርኛ ልመልሰው፦ «አንቺ ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው? የአረፋን ገንፎ ለእንሰት አጠጣሽው? ነጭ ነጩን ስትዝቂ እጅሽ አልነገረሽም? አሁን ይኼን የሠራች የማን ልጅ ናት ቢሉኝ ምን ልል ነው? የኔ ናት ልበል?»

«ሰፊያ ተይ» አለች ዘይቱና፣ «እንግዳ አይ...»

«የምን እንግዳ! አምስት ወር ቆጮዬን በልታ ተኝታ የምትነሳ እንግዳ የት አገር አየሽ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትገተሪያለሽ? ዛቂው! አፈር ያልነካውን ከላይ ከላዩ ዛቂው! እንደሱ አይደለም፣ በመዳፍሽ! አላህ ይያዝልሽ፣ እጅ ነው ወይስ ጭራ ይሄ? ነገ ሌላ እንሰት ይጣላል፣ የምትፍቂው አንቺ ነሽ፣ ጣትሽ ቢላጥ አልሰማም!»

በጉልበቴ ተንበርክኬ እዝቃለሁ፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ጥርሴም አልከደን አለኝ።

«ትስቃለች ደግሞ! ዘይቱና፣ ስትስቅ አየሻት?»

ዘይቱናም ፈቃድ ያገኘች ይመስል ጀመረችኝ። ሌሎቹም ተራ በተራ። አንዷ ስለ አጠራረጌ፣ አንዷ ስለ አቀማመጤ፣ አንዷ እንዲያውም ስለ ቡታጅራ በሙሉ። ሁሉም በቋንቋቸው፤ አንዳቸውም ወደ አማርኛ አልዞሩልኝም።

ሐያትን «ይኼን ጻፊ» አልኳት። ቤተኛን ነው የሚቆጡት። እንግዳ ያጠፋውን ቤቱ ይሸፍንለታል፤ የራሱን ሰው ጥፋት ግን ቤቱ ራሱ ይጮህበታል። ማክበር ከሩቅ ሆነሽም ይቻላል፤ ለመቆጣት ግን መቅረብ አለብሽ። ልጅቷ «አስተማሪው ይኼን ይቀበለኛል?» ትለኛለች። ካልተቀበለ ይቆጣሻ፣ ምን ቸገረሽ።

ከድር ከአረፋ በፊት በነበረው ቀን፣ የሴቶች አረፋ በምንለው ቀን ደረሰ። ቤቱ በቅቤና በጎመን ሽታ ተሞልቷል። እኔ ጓሮ ነበርኩ፤ የመፋቂያውን ቀርከሃ ይዤ፣ አንድ እግሬን ጣውላው ላይ ሰቅዬ እፍቃለሁ፤ የእንሰቱ ውኃ እጄን እስከ ክንዴ አጥቁሮታል። ድምፁን ሰማሁ፣ ልቤ ዘለለ፣ ግን ሥራ ጥዬ ብነሳ ምን እንደምባል ስለማውቅ አልተነሳሁም።

«አሰላሙ አለይኩም እማ! ሰላም ናችሁ? እንግዳችሁስ እንዴት ናት?»

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ሰላም አለ! ሚስትህ ቡላዬን ደፋችብኝ።»

ጫማውን እያወለቀ እንደሆነ አወቅሁ። እናቱ መልሳት ብለው ቀድመው በሰው ልከውበት ኖሯል። «እንግዲያው ከበዓሉ በኋላ ለአባቷ ልመልሳት? በላክሽብኝ ጊዜ ብለሽኝ አልነበር?»

ቀርከሃውን የያዘ እጄን አቆምኩ።

«ወዴት ነው የምትመልሳት?» አሉ ሰፊያ፣ ያን የደበቁትን ድምፅ አውጥተው። «ቡላዬን ማን ሊተካልኝ? ይልቅ ውጣና እያት፤ ዝም አለች፣ መፋቋን ትታ እየሰማችን ነው!»

ጣውላው ላይ እግሬን አጠበቅኩና ቶሎ ቶሎ ፋቅሁ።